የበርጩማው ምልክት

እኔ ይቅር ባይ አሮጊት አይደለሁም። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ስለዚህ ነገር እግዜርን እለምነዋለሁ፤ ወጥቼ መንገዱን ስሻገር ግን ልመናዬን እዚያው ትቼው የመጣሁ ይመስለኛል። ስለዚህ የመምህርት ምስራን ታሪክ ስጽፍ ሚዛን የምጠብቅ እንዳይመስላችሁ። ለእሷ አድልቼ ነው የምጽፈው።

ምስራ የባህረዲን ልጅ ናት። ባህረዲን ማን እንደነበር የመርካቶ ሰው አይጠይቅም፤ ለሌላው ልንገር። ጎጃም በረንዳ፣ ወደ ክፍለ ሀገር የሚላከውን እቃ የሚያስር ሰው ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ካርቶን በኬሻ እየጠቀለለ፣ በሲባጎ እየጠፈረ፣ ቋጠሮውን በጥርሱ እያጠበቀ ኖረ። በዚያ ሰፈር እቃ ሲታሰር ሁለት ምልክት ይደረግበታል። ከላይ የባለ እቃው፣ ከሥር ደግሞ ቋጠሮው ባረፈበት በኩል ያሰረው ሰው ምልክት። እቃው ደብረ ማርቆስ ደርሶ ጎድሎ ወይም ተሰብሮ ከተገኘ ይገለበጣል። ከሥር ያለው ምልክት የማን እንደሆነ ይታያል፤ የሚጠየቀው እሱ ነው። ባህረዲን ፊደል አልቆጠረም። ምልክቱ የሚቀመጥባት በርጩማ ነበረች፤ አንድ ክብ፣ ከሥሯ ሦስት አጫጭር እግሮች። ተረካቢው ያቺን ክብ ካየ ገመዱን ሳይፈታ ይረከብ ነበር።

ልጁ ግን ፊደል ቆጠረች። ተምራ የአፀደ ሕፃናት መምህርት ሆነች፤ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ በአንድ ፎቅ ቤት ውስጥ የአምስት ዓመት ልጆችን ያዘች። የልጅ ልጄ ፀደንያ እዚያ ገባች። እናቷ ሱቅ ስለምትውል የማደርሳት እኔ ነኝ። ጉልበቴ በቀን ሁለቴ መመላለስ እንቢ ስላለኝ ጠዋት አደርሳትና ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ። በሦስተኛው ቀን ምስራ ብቅ አለች።

«እማማ፣ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጡ፤ ይበርድዎታል። ይግቡና ከእኛ ጋር ይሁኑ።»

«ልጆቹን እንዳልረብሽብሽ ብዬ ነው።»

«እንዳይረብሹማ ሥራ እሰጥዎታለሁ» ብላ መቀስ አስያዘችኝ።

ዓለምን መዞር የጀመርኩት እንዲህ ነው።

ምስራ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን «ዛሬ የት አገር ነን?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱ የሚመጣው ከካርቶን ነው። የመርካቶ ልጅ አባቱ በር ላይ እቃ ሲራገፍ እያየ ስለሚያድግ፣ አንዷ የጫማ ካርቶን ይዛ ትመጣለች፣ አንዱ የሳሙና፣ ሌላዋ ምንጣፍ የተጠቀለለበትን ረጅም ቱቦ። ምስራ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አገር ታነብላቸዋለች። ከዚያ «እዚያ አገር እንደናንተ ያሉ ልጆች ምን እየሠሩ ይመስላችኋል?» ትላለች። ከጃፓን የመጣ ካርቶን የተገኘ ዕለት ከፌስታል ዓሣ ሠራን። ጃፓኖች በልጆች በዓል የጨርቅ ዓሣ ረጅም እንጨት ላይ ይሰቅላሉ፤ ነፋስ ሲገባበት ይዋኛል። የእኛዎቹ በመስኮት ወጥተው ከመብራት ገመዱ ሥር ሲዋኙ ኩሊዎች ጋሪያቸውን አቁመው አንጋጠው ያዩ ነበር። ሜክሲኮ ስንደርስ ጫማ የሚጠቀለልበትን ስስ ወረቀት አጣጥፈን፣ በመቀስ እየበሳን፣ እንደ ዳንቴል አድርገን በክር ላይ ደረደርነው። ጋና ስንደርስ ሲባጎ ቀለም እየነከርን ጠባብ ጠባብ ጥብጣብ ሸመንን፤ ጎን ለጎን የሰፋሁት እኔ ነኝ።

የህንዱን ቀን መቼም አልረሳውም። ህንድ ውስጥ ሴቶች ማለዳ ደጃፋቸው ላይ በዱቄት አበባ ይሥላሉ። ምስራ «ከየቤታችሁ ቀለም ያለው ዱቄት አምጡ» አለች። እሷ ያሰበችው የተፈጨ ጠመኔ ነው። ልጆቹ ግን ቀለም ያለው ዱቄት ሲባል የሚያውቁት ሌላ ነው። አያቷ በርበሬ በረንዳ የምትሸጠው ሱሀይር ግማሽ ኪሎ በርበሬ አመጣች፣ ሌሎቹ እርድና ሽሮ። አበባው ሲያምር! አንዱ ልጅ ጎንበስ ብሎ እፍ እስኪልበት ድረስ። ከዚያማ ሠላሳ አንድ ልጅ እያለቀሰ፣ እያስነጠሰ፣ በደረጃው ወረደ፤ እኔም ዓይኔን በነጠላዬ ይዤ ከኋላ።

ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ከቢሮዋ ወጣች። ከሌላ ሰፈር በመኪና የምትመጣ፣ መኪናዋን አቁማ ሰባት እርምጃ ተራምዳ ቢሮዋ የምትገባ፣ ማታ ሰባቱን እርምጃ ተመልሳ የምትሄድ ሴት ናት። አፍንጫዋን በሶፍት ይዛ፣

«ምስራ! ይሄ ትምህርት ቤት ነው ወፍጮ ቤት?» አለች። ግድግዳው ሥር የተደረደረውን ካርቶን በጫማዋ ጫፍ ነካ አድርጋ ደግሞ፣ «ይሄን ከምናለሽ ተራ የተለቀመ ቆሻሻ ነገ እንዳላየው።»

ምስራ ልጆቹን ፊታቸውን አጥባ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወለሉን ጠርጋ፣ በማግስቱ ህንድን በጠመኔ ደገመችላቸው። ካርቶኑን ደግሞ ከጠረጴዛዎቹ ሥር ደበቀችው።

ለእኔ ያደረገችልኝን ልንገራችሁ። ለእያንዳንዱ ሥራ የአገሩን ስም በትልቁ ትጽፍለታለች፤ ልጆቹ በጣታቸው ይከተሉታል። እኔም ከኋላ ሆኜ በጣቴ ተከተልኩ። ሀ ሁን ሳልጨርስ «ጃፓን»ን አነበብኩ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ፀደንያ ሳቀችብኝ፤ ምስራ ግን ልክ እንደ ልጆቹ ግንባሬ ላይ የወረቀት ኮከብ ለጠፈችልኝ። ኮከቡን ለጥፌ ነው እስከ ቤቴ የሄድኩት።

ልጆቹ ስማቸውን ገና መጻፍ ስለማይችሉ የሠሩት ነገር ፊት ላይ የቤታቸውን ምልክት ያደርጋሉ፤ አባቶቻቸው ካርቶን ላይ የሚያደርጉትን። የጫማ አከፋፋዩ የአብራር ልጅ ሀስና ሁለት የተያያዘ ቀለበት ታደርጋለች። ፀደንያ «እኛ ምልክት የለንም» ብላ ስታለቅስ ጃንጥላ መረጥንላት። ሥራው ሲያልቅ ምስራ ትገለብጠውና ከሥሩ የአባቷን በርጩማ በማርከር ታሳርፋለች። «ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከፈረሰ እኔን ጠይቁ» ትላቸዋለች። አንድ ቀን ሀስና ዓሣዋ ተቀደደባትና እየሮጠች መጥታ ገልብጣ አሳየቻት፣ «ያንቺ ነው! ጠግኚ!» አለቻት። ምስራ ሳቀችና ጠገነች።

ነገሩ የተለወጠው ከትምህርት ቢሮ የመጡ ባለ ክራባት እንግዶች ጎብኝተው ከሄዱ በኋላ ነው። አንዱ እንግዳ በዓሦቹ ተደንቆ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ስለ ቆሻሻ መናገር ተወች። በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ዓሣ ገልብጣ፣ በር ላይ ቆማ፣ ምስራን የሆነ ነገር ስትጠይቃት አየሁ። ምስራ መለሰችላት፤ ያኛዋ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ ሰኞ ምስራ ክፍል ውስጥ አልነበረችም። በምትኳ ልጆቹን «አፋችሁን ዝጉ» የምትል ልጅ ቁጭ ብላለች። ምስራን ቤቷ ሄጄ አገኘኋት። የሥዕል ትምህርት ማስረጃ የለሽም ተብላ ተሰናብታለች። ሥራዎቹ ግን አልተሰናበቱም፤ ሠላሳ አንዱም ልጅ የሠራው ሁሉ ተቆልፎበት ቀርቷል።

በሳምንቱ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ማንም አላነበበልኝም። ራሴ፣ ጣቴን እያስከተልኩ፣ ፀሐይ አናቴ ላይ እስክትወጣ ቆሜ አነበብኩት። «ዓለም በልጆች እጅ። የወይዘሮ ጽጌሬዳ ወልደሚካኤል አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ። እሑድ በአዳራሹ ይመረቃል።» ስድሳ ስምንት ዓመት ቆይቼ፣ ከክፍል ውጪ በራሴ ዓይን ያነበብኩት የመጀመሪያው ረጅም ነገር ሌባ የጻፈው ሆነ።

ከዚያው በቀጥታ ምስራ ቤት ሄድኩ። «ሄጄ አዋርዳታለሁ! ቢሮዋ ገብቼ ጸጉሯን ነው የምይዘው!» አልኳት።

እሷ የተቀደደ ቀሚስ እየሰፋች ነበር፤ መርፌዋን አላቆመችም። «እማማ ሸዋ፣ ጸጉሯን ምን ያደርጉታል?»

«ዝም ልበላት?»

«እስከ እሑድ ዝም ይበሉ። ሁለት ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። ወላጆች በሙሉ፣ በተለይ የድሮዎቹ ነጋዴዎች፣ እንዲመጡ ያድርጉ። ከዚያ ስትጨርስ እጅዎን አውጥተው አንድ ጥያቄ ይጠይቋት፤ ከሥር ያለችው ምልክት ምንድን ናት በሏት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እሷ ትመልሳለች።»

መርፌዋን ስትስብ ፊቷን አየሁት። ይህቺን ልጅ የዋህ ናት ብዬ ስገምት እስከዛሬ ተታልዬ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ደስ አለኝ።

መርካቶን በአራት ቀን አዳረስኩት። ነጋዴ ለንግግር ብለህ ብትጠራው አይመጣም፤ እሑድ ደግሞ የሚተኛበት ቀኑ ነው። ስለዚህ ሱቅ ሱቁ እየገባሁ «ምልክትህ አዳራሽ ተሰቅሏል፤ ሰው ሁሉ ሲያየው አንተ ብቻ ሳታየው ልትቀር ነው» አልኩ። አብራር የጫማ ካርቶን ክምር ላይ ቆሞ፣

«የኔ ቀለበት? ወላሂ?» አለ።

«ልጅህ ከጃፓን ዓሣ ላይ አድርጋዋለች።»

«ይቺ ልጅ ቅርንጫፍ ልትከፍትልኝ ነው እንዴ!» አለና ሳቀ። «እመጣለሁ እማማ።»

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ፊት ለፊት ባለ ክራባቶቹ እንግዶች፣ ከኋላ የእኛ ሰዎች፣ ልጆቹ መሐል። ምስራ በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ዓሦቹ፣ የተበሳው ወረቀት፣ የተሸመነው ጥብጣብ፣ ሁሉም ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። ከመድረኩ ኋላ ሰፊ ባነር ተሰቅሏል፤ በትልቁ የወይዘሮ ጽጌሬዳ ስም፣ ከስሟ በላይ ደግሞ፣ የጋሪ ጎማ የሚያክል፣ አንድ ክብ ከሦስት አጫጭር እግሮች ጋር። በርጩማዋን እንደ ማኅተም አድርጋ አሳትማታለች።

ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ለጎረቤቱ «ባህረዲንን ማነው የሰቀለው?» ሲል ሰማሁ።

«ዝም በል፣ ለመታሰቢያው ይሆናል።»

ወይዘሮ ጽጌሬዳ በማይክሮፎን ብዙ ተናገረች። ዘዴውን ለማግኘት ስንት ሌሊት እንዳልተኛች፣ ካርቶን የመጠቀም ሐሳብ እንዴት እንደመጣላት። ከካርቶን ጋር ስላላት ፍቅር ስትናገር የጫማዋን ጫፍ ነበር የማየው። ተጨበጨበላት። እጄን አወጣሁ።

«እናታችን ጥያቄ አላቸው» አለች እየሳቀች።

«ባነሩ ላይ ያለችው፣ ከየሥራው ሥርም ያለችው ምልክት ምንድን ናት?» አልኩ።

የምትደነግጥ መስሎኝ ነበር። ጭራሽ ፊቷ በራ። «በጣም ጥሩ ጥያቄ! ይህ ባደረግሁት ጥናት ያገኘሁት፣ ጥንታዊ የማሊ ምልክት ነው። ክቡ ፀሐይ ነው። ሦስቱ ጨረሮች እውቀት፣ ሰላምና ትሕትናን ይወክላሉ።»

 ከኋላ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። አብራር እንባውን በመዳፉ እየጠረገ ተነሳ።

«እትዬ ዳይሬክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባህረዲን፣ አላህ ይርሐመው፣ ዕድሜውን ሙሉ ከጎጃም በረንዳ አልወጣም። ማሊ መቼ ሄደ?»

«ማን?» አለች።

«ፀሐይ ያሉት የሰውዬው መቀመጫ ነው! በርጩማው!»

ሀስና ወንበር ላይ ወጥታ ጮኸች። «የቲቸር ምስራ አባት ነው! ያሰረ ሰው ከሥር ምልክቱን ያደርጋል! አታውቂም እንዴ?»

አብራር ወደ ጠረጴዛው ሄዶ አንድ ዓሣ ገለበጠ። በርጩማ። ሌላው ነጋዴ ወረቀቱን ገለበጠ። በርጩማ። ሁሉም ተነስተው እቃ እንደሚረከብ ሰው እየገለበጡ፣ «ባህረዲን!»፣ «ይሄም ባህረዲን!» እየተባባሉ እስከ ጠረጴዛው ጫፍ ደረሱ። ክራባት ያሰሩት እንግዶች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«አየሽ» አለ አብራር፤ ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል፤ «እቃው የልጆቻችን ነው፣ ምልክታቸው ፊቱ ላይ አለ። ያሰረችው የባህረዲን ልጅ ናት፣ ምልክቷ ከሥር አለ። ያንቺስ የታለ?»

ወይዘሮ ጽጌሬዳ ወደ በሩ አየች። ምስራ እዚያው ግድግዳዋን ተደግፋ እያየቻት ነበር።

እኔ ግን አልጠገብኩም። ከጠረጴዛው ማርከር አንስቼ፣ ጉልበቴን ረስቼ፣ መድረኩ ላይ ወጣሁ። እስከዚያች ቀን እርስዎ እላት የነበርኩትን ሴትዮ አንቺ አልኳት። «እንኪ። ከስምሽ በላይ ጻፊ። ምስራ ባህረዲን ብለሽ።»

እንግዶቹን አየች። ከእነሱም አንድ የሚያድናት አጣች። ማርከሩን ተቀብላ ባነሩ ላይ በጥቃቅኑ ጻፈች።

«ጎላ አድርገሽ» አልኳት። «ዓይኔ ደካማ ነው፤ ፊደልም የቆጠርኩት ገና ዘንድሮ ነው።»

እንደገና ጻፈች። ልጆቹ በጣታቸው እየተከተሉ በአንድ ድምፅ አነበቡት። ያንን ድምፅ እስከምሞት አልረሳውም። ስወርድ «ባነሩን እኔ ልውሰደው» አልኩ፤ የከለከለኝ የለም።

ወደ ቤት ስንመለስ ምስራን ያዝኳት። «ማሊን ግን ከየት አመጣችው?»

«እኔ ነኝ» አለች። «በር ላይ ቆማ ማስታወሻ የያዘች ቀን ጠየቀችኝ። ልትወስደው እንደሆነ ከዓይኗ ገባኝ። በአፌ የመጣልኝን አገር ጠርቼ የእነሱ የጥንት ምልክት ናት አልኳት።»

ሳቅኩ። አስፋልቱ መሐል ቆሜ፣ ጋሪ የሚገፉት «ከመንገድ ይውጡ እማማ!» እያሉኝ፣ ሳቅኩ።

በወሩ የክፍላችን ወላጅ ሁሉ ልጁን ከዚያ አወጣ። አብራር የመጋዘኑን ፎቅ አጸዳ፣ የአካባቢው ሰው ፈቃዱን ለማስጨረስ ተሯሯጠ፣ ምስራ ሠላሳ አንዱንም ይዛ እዚያ ጀመረች። ሁሉም ነገር ልክ እኔ እንደተመኘሁት ሆነ። ከአንድ ነገር በቀር።

ልጆቹ ከዚያ እሑድ ጀምሮ ውሸትን ሁሉ «ማሊ» ማለት ጀመሩ። «ውሃ አልጠጣሁም!»፣ «ማሊ!»። «እኔ አይደለሁም የገፋሁት!»፣ «ማሊ ነሽ!»። ከዚያ ሰፈሩ ያዘው፤ ሻጩ ዋጋ ሲጠራ ገዢው «ማሊ» ይለው ጀመር። እኔ በሰማሁት ቁጥር አንጀቴ ይርሳል። ምስራ ግን በሰማችው ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። አንድ ጠዋት ፀደንያ ጠየቀቻት።

«ቲቸር፣ ማሊ ውስጥ የእውነት ምን አላቸው? ወይስ ማሊ የሚባል አገር የለም?»

ምስራ ስታፍር ያን ቀን ነው ያየኋት። ዳይሬክተሯ ፊት ያላፈረችው ልጅ።

በማግስቱ «ዛሬ የት አገር ነን?» አለች። ከማሊ የመጣ ካርቶን አልነበረም፤ እሷ ራሷ አቡጀዴ ጨርቅ ይዛ መጣች። ማሊ ውስጥ ሴቶች ጨርቁን በቅጠል ውሃ ቢጫ አድርገው፣ ለብዙ ጊዜ በተቀመጠ ጭቃ ሥዕል እንደሚሥሉበት ነገረቻቸው። እኛ ጨርቁን ሻይ ውስጥ ዘፈዘፍን፤ ጭቃውን የሐምሌ መንገድ ሰጠን። ቀኑን ሙሉ ማንም ልጅ «ማሊ ነሽ» አላለም፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ማሊ ውስጥ ነበራ። ሲያልቅ ምስራ ጨርቆቹን አንድ በአንድ ገለበጠች፣ አየች፣ መልሳ አስቀመጠች። ማርከሩን አላነሳችም።

«በርጩማዋስ?» አልኳት።

«እዚህ ላይ አላደርጋትም እማማ። አባቴ በእሷ አንዴም አልዋሸም፤ እኔ ዋሽቼባታለሁ። ይሄን ጥበብ የፈጠሩት የማሊ ሴቶች ናቸው፤ የእነሱ ይሁን።»

አልተከራከርኳትም። ልቧ ንጹሕ ነው፤ የእኔ እንደሱ አይደለም። ወለሉ እንዳይበላሽ ከልጆቹ ሥር ያነጠፍኩት ያንን ባነር ነበር። ክቧንና የምስራን ስም አስቀድሜ በመቀስ ቆርጬ አውጥቼ ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጫለሁ። የቀረው «ጽጌሬዳ» የሚለው ነው። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ጭቃውን ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ፤ ስሟ ላይ የነጠበውን ግን እስኪደርቅ ተውኩት።